ያልፈሰሰው ውሃ

ደብረ ብርሃን ላይ ኅዳር ሲገባ፣ የጭነት መኪና ሾፌሮች ብርድ ያደነዘዘውን ሞተር ለማስነሳት ጠዋት ጠዋት ሲታገሉ፣ በደንብ ያልተቃጠለው የናፍታ ጭስ በመስኮቴ ይገባል። ልጆቼ አፍንጫቸውን ይዘው «መስኮቱን ዝጊው!» ይሉኛል። እዘጋዋለሁ፤ ግን ከመዝጋቴ በፊት ትንሽ እቆማለሁ፣ ያ ሽታ የእናቴ ሽታ ነበርና። የሌሎች ልጆች እናቶች ቅቤና ኩበት ሲሸቱ፣ የኔ እናት ናፍታና ገና ከወፍጮ የወጣ የገብስ ዱቄት ትሸት ነበር፤ ቀሚሷን ወንዝ ወርዳ ብታጥበው፣ ድንጋይ ላይ ብትፈቀፍቀው አይለቅም ነበር። በልጅነቴ አፍርበት ነበር።

መንደራችን ቀየት ከምትባለው ትንሽ ከተማ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ይርቃል። ወፍጮው የመጣው መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመቱ ሲሆን፣ የገበሬዎቹ ማኅበር አንድ ትልቅ አረንጓዴ ሞተር ከነድንጋዩ በጭነት መኪና አስመጥቶ፣ መኪናው መሄጃ ካጣበት ዳገት ጀምሮ ወንዶቹ በግንድ ላይ እያንከባለሉ አምጥተው፣ በጓሳ ሣር በተከደነ የድንጋይ ቤት ውስጥ ተከሉት። አባቴ ደምሴ በወጣትነቱ የመኪና ረዳት ሆኖ ስለሠራና ሞተር የሚያውቅ ሰው ሌላ ስላልነበረ ወፍጮው ለሱ ተሰጠ። እናቴ አስካለ ምሳ ልታደርስለት ትሄድና፣ መጀመሪያ ቆማ እያየች፣ ኋላ መብራት እየያዘችለት፣ ከዚያም ኪያቤ፣ የቡሎን መፍቻውን፣ እያቀበለችው ቆይታ፣ ሳይታወቃት ሥራውን ለመደችው። አባቴ ይስቅባት ነበር። «አንቺ ሴትዮ፣ ነገ እኔን ልታስወጪኝ ነው» ይላታል፤ እሷም «ዘይቱን ሳታይ ነው ያስነሣኸው» ብላ ታሳፍረው ነበር።

ጥቅምት ሲጠባ የኛ አገር ብርድ ሌላ ነው። ሜዳው ጨው የተነሰነሰበት መስሎ ያነጋል፣ በእንስራ የተረፈ ውሃ አናቱ ላይ ይረጋል፣ የበጎቹ ጸጉር ጫፍ ጫፉ ይነጣል። ያ ሞተር ደግሞ ሲሠራ እንዳይግል ከጎኑ ከቆመ በርሜል ውሃ እየተቀበለ የሚጠጣ ነበርና፣ ማታ ውሃው ውስጡ ከቀረ ውርጩ ይይዘዋል። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ሥራ ሲያበቃ ከበርሜሉ የሚመጣውን ዘግቶ፣ በሞተሩ ግርጌ ያለችውን ማፍሰሻ ከፍቶ ውሃውን እስከ መጨረሻው ማስወጣት የግድ ነበር። ውሃው በግድግዳው ሥር በተቀደደች ቦይ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። እኔ ለምን እንደሚፈስ ስጠይቃት እናቴ «ውሃ በረዶ ሲሆን ያብጣል። ብረቱ ደግሞ አያብጥለትም» አለችኝ፤ ከዚያ በላይ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

የሰሜኑ የድንበር ጦርነት ሲነሳ አባቴ ዘመተ። የሄደው ገብስ ሊታጨድ ሲል ነው። ኪያቤዎቹን በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልሎ ለእናቴ ሰጣትና «ውሃውን ማታ ማታ አፍስሽ፤ ሌላው ቢበላሽ እኔ ስመጣ አስተካክለዋለሁ» አላት። ማኅበሩም ተሰብስቦ፣ ቦታው የደምሴ ነው፣ እስኪመለስ ሚስቱ ትያዝለት ብሎ ወሰነ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ንጉሤ ይባሉ ነበር፤ ሽበታም፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ፣ ሰው የሚሰማቸው ሰው ነበሩ።

እኔ ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው። ብርቄ እባላለሁ፣ ላባትና ለናቴ አንድ ነኝ። በውርጩ ጠዋት እናቴ ቤት ውስጥ ውሃ አሙቃ በጀሪካን ተሸክማ፣ እኔ ደግሞ እሳት ዳር ያደረውን የዘይት ቆርቆሮ በሻሽ ጠቅልዬ አቅፌ አብረን እንሄድ ነበር። ማታ ሞተሩን የምታለብሰውን አሮጌ ባና ገፍፋ፣ የሞቀውን ውሃ ቀስ አድርጋ ትሞላለታለች፣ ዘይቱን ትጨምራለች፣ ከናፍታው ማጠራቀሚያ ሥር የተጠራቀመውን ውሃና ዝቃጭ ትቀንሳለች፣ ከዚያም በናፍታ የተነከረ ጨርቅ ለኩሳ ሞተሩ አየር በሚስብበት አፍ ላይ ትይዝለትና መዘውሩን ትጨብጣለች። የኔ ሥራ አናቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ዘንግ ይዞ መጠበቅ ነበር። ዘንጓ ቀና ስትል ሞተሩ ይተነፍስና መዘውሩ ይቀላል፤ ፍጥነቱ ሲበቃ ግን መልቀቅ አለብኝ። እናቴ አንድ፣ ሁለት፣ አሥር ጊዜ አዙራ፣ ፊቷ ቀልቶ፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ «ልቀቂ!» ትላለች። ቀድሜ ከለቀቅሁ መዘውሩ ተመልሶ እጇን ይመታታል። አንድ ጊዜ ቀድሜ ለቅቄ የቀኝ እጇ አንጓ አብጦ ሁለት ሳምንት ታስሮ ነበር፤ በዚያም እጅ ወፍጮውን አንድ ቀን አላስቀረችም፣ እኔንም አልተቆጣችኝም። «ቸኮልሽ» ብቻ አለችኝ። ሞተሩ ሲነሳ የቤቱ ክዳን ሲንቀጠቀጥ፣ እህል ይዘው ውጭ በብርዱ ተራ የያዙት ሴቶች እልል ይሉ ነበር።

ክረምት ሲመጣ ችግሩ መልኩን ይለውጣል። ጭጋጉ ከገደሉ ሥር ተነስቶ ቤቱን ይሞላውና ሞተሩን ከወፍጮው ድንጋይ የሚያገናኘው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ይረጥባል፣ ይንሸራተታል፣ ይጮሃል፤ እናቴ ሞተሩን ከመደቡ ጋር የያዙትን ቡሎኖች አላልታ፣ በዲጂኖ ትንሽ ገፋ አድርጋ ቺንጋውን ከወጠረችው በኋላ መልሳ ታጠብቃቸው ነበር። ድንጋዩ ሲዶለዱም ደግሞ ታወርደውና፣ ሴቶች የቤታቸውን ወፍጮ በሚወቅሩበት አኳኋን፣ ግን በጣም ተጠንቅቃ፣ ፈር ፈሩን እየተከተለች ቀኑን ሙሉ ትወቅረው ነበር። አባቴ ድንጋዩን የሚወቅረው ዱቄቱ ሻካራ ሆነ ብለው ሰዎች ሲያማርሩ ነበር፤ እሷ ግን ዱቄቱን በአውራ ጣቷና በጠቋሚ ጣቷ አሽታ ማንም ሳያማርር ታውቀዋለች። በአራት ዓመት ውስጥ ያ ወፍጮ ቆመ የተባለበትን ጊዜ በጣቴ ብቆጥረው አንድ እጅ አይሞላም። ከሩቅ፣ ከራቤል መንገድ ሳይቀር አህያ ጭነው የሚመጡ ነበሩ።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ሁለት ክረምት አለፈ። አንዳንዱ ተመለሰ፣ አንዳንዱ ደብዳቤ ላከ፤ ከአባቴ ምንም አልመጣም። እናቴ ሥራ ስትጨርስ ኪያቤዎቹን ጠርጋ፣ አባቴ በሰጣት ጨርቅ ጠቅልላ፣ እሱ በሚያስቀምጣቸው ቦታ ታስቀምጥ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ግንቦት ላይ መርዶው መጣ። ስለ ለቅሶው ብዙ አልናገርም፤ ከሁሉ ትዝ የሚለኝ ወፍጮው ሦስት ቀን መቆሙና ዝምታው ለጆሮዬ እንግዳ መሆኑ ነው።

አርባው ወጥቶ ሰው እንደተበተነ ጋሽ ንጉሤ ቤታችን መጡ። መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ የቀረበላቸውን ጠላ ሳይነኩ፣ «አስካለ፣ እግዜር ያጽናሽ» አሉ። «እስካሁን ቦታው የደምሴ ነበር። ይመጣል ብለን ነው የጠበቅነው። አሁን እንግዲህ ባለቤት የለውም።»

«እኔስ ጋሽ ንጉሤ?» አለች እናቴ።

«አንቺማ ስትጠብቂለት ነበር።»

«አራት ዓመት የሠራሁት ጥበቃ ነበር?» አለቻቸው።

«ማኅበሩ ሰው አግኝቷል። ደብረ ብርሃን ጋራዥ የሠራ ልጅ ነው። አንቺም ብትሆኚ ይሄ የወንድ ጉልበት የሚበላ ሥራ ነው፣ ዕረፊ ብለን ነው» አሉና ተነሱ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ትክክለኛ ነገር የተናገሩ መስሏቸው ነው የሄዱት። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ይበልጥ ያንገበግበኛል።

ጌታነህ የመጣው መስከረም ላይ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጨዋታ የሚያውቅ፣ ሴቶቹን በተራቸው ላይ እያሳቀ የሚያስተናግድ ልጅ ነበር። እናቴ ኪያቤዎቹንና ቁልፉን ስታስረክበው፣ ቡሎኖቹን፣ ናፍታውን፣ ድንጋዩን እያሳየች ሄዳ ማፍሰሻዋ ዘንድ ስትደርስ «ከጥቅምት ጀምሮ ይችን ማታ ማታ እንዳትረሳት። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይቺን አትርሳ» አለችው። እሱም ሳቅ ብሎ «እትዬ አስካለ፣ እኔ እኮ ሞተር ውስጥ ነው ያደግሁት» አላት።

ከዚያ ወዲያ እናቴ ባቄላ እያረመች፣ ወይም በራችን ላይ ተቀምጣ ጥጥ እየፈተለች፣ ከማዶ የሚመጣውን የሞተሩን ድምፅ ትሰማ ነበር። በመሀል እጇ ይቆምና «ቺንጋው ላልቷል» ወይም «ናፍታው አየር ገብቶበታል» ትላለች፤ ከሰዓት በኋላ ከወፍጮ የሚመለሱ ሴቶች ሲያወሩ እንዳለችው ሆኖ ይገኛል። ሄዳ ልትነግረው ሁለት ጊዜ ሞክራ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ስትሄድ በሰው ፊት «እትዬ፣ የሞተው ባልሽ እንጂ ሞተሩ አይደለም፣ ተይኝ» ስላላት ሦስተኛ አልሄደችም።

ጥቅምት ሲገባ ግን አላስችላትም አለ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል «ብርቄ፣ ቦይዋን አይተሽ ነይ» ትለኝ ነበር። ሥራው ቀላል ነው፤ በወፍጮ ቤቱ ጀርባ ዞሮ በግድግዳው ሥር ያለችው ቦይ እርጥብ መሆን አለመሆኗን ማየት። እርጥብ ከሆነች ውሃው ፈሷል። ሁለት ቀን ደረቅ ሆና አግኝቼ ስነግራት፣ እናቴ ራሷ ወደ ጋሽ ንጉሤ ቤት ሄዳ፣ እሳቸው ጌታነህን አስጠርተው ማፍሰሻዋን አስከፍተውታል። ጌታነህ ማን እንዳሳጣው ለማወቅ ብዙ አልተቸገረም።

አንድ ቀን እህል ይዤ ተራ ስጠብቅ፣ ዱቄት ከቅንድቡ ላይ እያራገፈ ብቅ አለና «ኧረ ሰላይዋ መጣች! እናትሽ በወር ስንት ትከፍልሻለች?» አለኝ። ሴቶቹ ሳቁ። ከነሱ መሀል በብርዱ እልል ይሉልን የነበሩት፣ እናቴ በታመመ እጇ የፈጨችላቸው ነበሩ። የትምህርት ቤት ጓደኞቼም ነበሩና እነሱም ሳቁ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ያንን ሳቅ ይዤ ቤቴ ገባሁ፣ ለናቴ አልነገርኋትም።

በማግስቱ ማታ እንደ ልማዷ «ብርቄ፣ ቦይዋን አይተሽ ነይ» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ቆሞ ነበር፣ እንዲህ ያለ ቀን ውርጭ እንደሚያመጣ እኔም አውቃለሁ። ወጣሁ። እስከ ወፍጮ ቤቱ አጥር ድረስ ሄድሁና፣ ጌታነህ በጊዜ ዘግቶ ወደ ጽዋ ማኅበር ድግስ ሲሄድ ከሩቅ አየሁት። ወደ ጀርባ መዞር ብቻ ነበር የቀረኝ፤ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። «ሰላይ» የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር። ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ፣ ሄዶ ለመመለስ የሚበቃውን ያህል ቆየሁ፣ ከዚያ ተነስቼ ወደ ቤት ተመለስሁ። መንገድ ላይ ውሃ ቀድታ የምትመለስ ጎረቤት አገኘችኝና ሰላም ተባባልን።

እናቴ «ፈሷል?» አለችኝ።

«ፈሷል።»

«ተመስገን» አለችና እራታችንን አቀረበች።

ጠዋት ሞተሩ አልተነሳም። ፀሐይ ሞቅ ሲል ጩኸት ሰምተን እናቴ ሮጠች፣ እኔም ተከተልኋት። ሴቶቹ በር ላይ ቆመዋል፣ ጌታነህ ሁለት እጁን አናቱ ላይ አድርጎ ይንጎራደዳል። እናቴ ማንንም ሳታነጋግር ገብታ ጎንበስ አለችና፣ ከሞተሩ ጎን ከላይ እስከ ታች በወረደው ስንጥቅ ላይ ጣቷን አስኬደችው። ከስንጥቁ ውስጥ በረዶው ገና እየቀለጠ ይንጠባጠብ ነበር። ቀና ስትል ያየችው እኔን ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ተሰበሰበ። ጌታነህ ቆሞ፣ ውሃውን ማታ በገዛ እጁ እንዳፈሰሰ፣ ከዚያ በኋላ ሰው ገብቶ ሞልቶ እንደሄደ በሚያሳዝን ድምፅ ተናገረ። የወፍጮ ቤቱ መስኮት መከለያ እንደሌለው ሁሉም ያውቃል። ማን ሊሆን ይችላል የሚል ጥያቄ እንኳ አልተነሳም፤ ዓይን ሁሉ እናቴ ላይ ሄደ። ያቺ ጎረቤታችንም ያን ምሽት እኔን ከወፍጮ ቤቱ በኩል ስመለስ እንዳየችኝ ተናገረች፤ ያየችውን ነው የተናገረችው፣ አልጨመረችበትም።

ጋሽ ንጉሤ «አስካለ፣ ልጅሽ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?» አሉ።

«እኔ ልኬያት ነው። ውሃው መፍሰሱን እንድታይልኝ።»

«ብርቄ፣ ነይ ወዲህ» አሉኝ። ረጋ ያለ ድምፅ ነበር፤ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። «አትፍሪ ልጄ። አየሽው? ፈሶ ነበር?»

እናቴ ከሴቶቹ ተነጥላ ብቻዋን ቆማለች። እውነቱን ብናገር ሳልሄድ መዋሸቴን እሷም፣ አገሩም ሊያውቅ ነው። የፈራሁት ይህን ብቻ ነበር፤ ከዚህ ሌላ ነገር በልቤ አልነበረም። የምናገረው ቃል ወዴት እንደሚወድቅ አላሰብሁትም።

«ፈሶ ነበር» አልሁ።

ሰዉ አጉረመረመ። ያኔ ነው የገባኝ። ማታ ፈሶ ከነበረ፣ ሌሊቱን የሞላው ሰው አለ ማለት ነው፤ ጌታነህን ነፃ አውጥቼ እናቴን አስያዝኋት። ጌታነህ ቀና ብሎ አየኝ። ውሃውን እንዳላፈሰሰ እሱ ያውቃል፤ እንግዲህ እንደዋሸሁም አወቀ። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል እውነቱን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን ብዬ ነበር፤ ወዲያው ግን እናቴን ሳያት ሦስት መሆናችንን ተረዳሁ። ፊቴን አይታው ነበር። ነጠላዋን እስከ አፏ ሳበችው።

«አስካለ፣ የምትዪው አለሽ?» አሉ ጋሽ ንጉሤ።

«የለኝም። እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» አለች።

ሞተሩን ደብረ ብርሃን ወስደው አስበየዱት፤ መልሶ አፈሰሰ። እንደገና አስበየዱት፤ አልሆነም። ጌታነህ ጥር ሳይወጣ አገሩን ለቆ ሄደ፣ ማንም አልወቀሰውም። እዳው የወደቀው ሴቶቹ ላይ ነው። ጥግ ጥግ የተጣለው የእጅ ወፍጮ ተነስቶ ተወቀረ፤ የቻለ በአህያ ቀየት ወስዶ ያስፈጫል፣ ያልቻለች ከዶሮ ጩኸት ጀምራ ተንበርክካ ትፈጫለች። ያንን በልግ ከየቤቱ የመጅ ድምፅ ይሰማ ነበር፣ በየድምፁም ውስጥ የእናቴ ስም ይነሳ ነበር። ወንዝ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አንስተው ይሄዳሉ። ለበዓል ማንም «ነይ» አይላትም። የትምህርት ቤት ጓደኞቼም እናቶቻቸውን ለማገዝ እየተባለ አንድ በአንድ ከክፍል ቀሩ፤ ከሰባታችን ስምንተኛን የተፈተንነው ሁለት ነን። እናቴ ግን እኔን አንድ ቀን ከትምህርት ቤት አላስቀረችኝም። በዚያ በተመታ እጇ ብቻዋን ትፈጭ ነበር።

አልተቆጣችኝም፣ ስለ ነገሩም አላነሳችም። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን «ብርቄ፣ አይተሽ ነይ» ብላ ልካኝ አታውቅም። በጎቹ መግባታቸውን፣ እሳቱ መዳፈኑን፣ በሩ መሸጎሩን ራሷ ሄዳ ታያለች። እኔ «አይቼዋለሁ» ስላት እንኳ «ይሁን» ትልና ትነሳለች።

በሁለተኛው ዓመት መሬቱን ለዘመድ ሰጥታ ደብረ ብርሃን ገባን። የሰው ቤት እየሠራች አስተማረችኝ። ሰላሳ ዓመት ሲሞላኝ፣ ሁለተኛ ልጄን ወልጄ ልታርሰኝ በመጣች ጊዜ፣ አልጋ ላይ ተኝቼ ነገርኋት። ሁሉንም፣ የተቀመጥሁበትን ድንጋይ ሳይቀር። የሕፃኑን ጨርቅ እያጠፈች ሰማችኝና «አውቃለሁ» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ ሳትቆጣ፣ ሳታለቅስ «አንቺን እኮ ይምሩሽ ነበር፣ ብርቄ። ልጅ ነበርሽ» አለችኝ። ያጠፈችውን ጨርቅ ሣጥን ውስጥ አስገብታ ወጥ ልታይ ሄደች። ከአራት ዓመት በኋላ ሞተች።

ባለፈው ዓመት አንዲት የድሮ መንደራችን ሰው ገበያ ላይ አገኘችኝ። አሁን መብራት ገብቷል፣ ወፍጮው በመብራት ነው፤ ማብሪያውን መጫን ነው፣ ውርጭ አያስፈራው፣ የሚፈስ ውሃ የለው። ልጆቹ የናፍታውን ሞተር አያውቁትም። አሮጊቶቹ ግን የድሮውን ችግር ሲያወሩ ዛሬም «አስካለ ሞተሩን የገደለች ጊዜ» እያሉ ዘመን ይቆጥሩበታል። ይህን ስትነግረኝ የማን ልጅ መሆኔን ረስታው ነው፤ ትዝ ሲላት ደንግጣ አፏን ያዘች። ያኔም ቢሆን እውነቱን አልነገርኋትም። የምገዛውን ሽንኩርት መርጬ ተሰናበትኋት።

ትልቋ ልጄ አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቷታል። አንዳንዴ ትዋሸኛለች፤ ገና ከመናገሯ በፊት ከፊቷ አውቀዋለሁ፣ እናቴም ያን ቀን እንዴት እንዳወቀች ይገባኛል። እኔ ልጄን እስክትናገር ድረስ አለቃትም፤ ታለቅሳለች፣ ትናገራለች፣ ታኮርፋለች፣ እራት ላይ ረስተነው እንስቃለን። እናቴ እኔን እንዲህ ብትይዘኝ ኖሮ እናገር ነበር፣ ዝም ባትለኝ ኖሮ እናገር ነበር ብዬ እሷን የምወቅስባቸው ቀናት አሉ። ከሠራሁት ሁሉ ይህ ይብሳል፤ እስከ ዛሬም አልተውሁትም።